ማልያው ከወለቀ በኋላ



ከመካ ወደ ጅዳ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። እኛ የምናውቀው የጅዳውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ወደ መካ ሲቃረቡ ሙስሊም ላልሆነ መንገደኛ ሌላ አቅጣጫ የሚያሳይ ምልክት ቆሟልና። በዚያው መንገድ ላይ ሹሜሲ አለ። ስሙን ከመካከላችን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ያሳለፉበት ማቆያ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ከሰጠበት ቦታ እንዴት እንደሚለይ ባሰብሁ ቁጥር ይህ መንገድ በዓይኔ ላይ ይመጣል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት የዚህን መንገድ ሁለት ጫፎች በሕይወቱ ስላገናኘ አንድ የኳስ ሰው ነው፤ በመካ ተወልዶ በጅዳ ስለ ከበረው ስለ መሐመድ ኑር።

በመንፈሳዊ ገጽ ላይ የእግር ኳስ ወሬ ምን ይሠራል የሚል አይጠፋም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከሩጫና ከቡጢ ምሳሌ መውሰዱን አስታውሶ መልስ መስጠት ይቻላል። የእኔ ምክንያት ግን ከዚያ ይቀርባል። የአንድ ዝነኛ ተጫዋችና የቀድሞ ክለቡ መቃቃር፣ ስሙ በማንም አንደበት የማይጠራ አንድ የቤት ሠራተኛ ወይም አንድ ሾፌር ከአሠሪው ሲለይ የሚደርስበትን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መስተዋት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኑር በ1978 በመካ ተወለደ። በሙሉ ስሙ ውስጥ ያለው «ሀውሳዊ» የሚለው መጠሪያ ምዕራብ አፍሪካን፣ የሀውሳን ሕዝብ ያስታውሳል። ከዘመናት በፊት ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ የአፍሪካ ተጓዦች የልጅ ልጆች ዛሬም በመካና በጅዳ ይህን መሰል ስም ይዘው ይኖራሉ። እንግዲህ ስሙ ራሱ የስደት ታሪክ የተጻፈበት ነው። ያደገበትም ክለብ በ1927 በጅዳ የተመሠረተው፣ ቢጫና ጥቁር የሚለብሰው አል ኢቲሃድ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ተጫወተለት፤ አምበልም ሆነ። በ2002 እና በ2006 የዓለም ዋንጫ አገሩን ወክሎ ተሰለፈ።

ክለቡ ከሁሉ አብልጦ የሚኮራበት ጊዜም ያለ እርሱ አይተረክም። በ2004 በእስያ ሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ አል ኢቲሃድ በገዛ ሜዳው፣ በጅዳ፣ በደቡብ ኮሪያው ሲዮንግናም 3 ለ 1 ተሸነፈ። ሁሉ ነገር ያለቀ መሰለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ኮሪያ ድረስ ሄዶ 5 ለ 0 አሸነፈ፤ ከአምስቱ ግቦች ሁለቱ የኑር ነበሩ። ክለቡ በ2005 ዋንጫውን ደገመው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ጃፓን ላይ በተደረገው የዓለም ክለቦች ውድድር የግብፁን አል አህሊን 1 ለ 0 ሲረታ ግቧን ያስቆጠረው ኑር ነው።

ከዚያ 2013 መጣ። ክለቡ ቡድኑን በወጣቶች ሊያድስ ወሰነ፤ ሠላሳ አምስተኛ ዓመቱን የያዘው አምበልም ከሌሎች አንጋፋዎች ጋር ከቡድኑ ወጣ። ኑር ወደ ሪያዱ አል ናስር፣ ወደ ተቀናቃኙ ሄደ። የሚያስደንቀው ነገር ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። አል ኢቲሃድ ያለ እርሱ በዚያው ዓመት በወጣት ልጆቹ የንጉሡን ዋንጫ አነሣ። ኑርም ያለ አል ኢቲሃድ በ2013/14 የውድድር ዘመን ከአል ናስር ጋር የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን በዋንጫ አስመሰከሩ ማለት ይቻላል፤ ቁስሉን ግን የትኛውም ዋንጫ አልሻረውም። ኋላ ወደ ጅዳ ቢመለስም የመጨረሻዎቹ የጨዋታ ዓመታቱ በአበረታች ንጥረ ነገር ምርመራ ሳቢያ በተነሣ እገዳና ክርክር ተሸፈኑ። ያን ያህል ዘመን ያገለገለ ሰው የሚገባውን የጠራ ስንብት ሳያገኝ ከሜዳ ራቀ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ወገን ይሆናሉ። አንዱ «ክለብ ከሰው ይበልጣል፤ ተጫዋች ያልፋል፣ ማልያው ይቀራል» ይላል። ሌላው «ውለታ ቢሶች ናቸው፤ ያከበራቸውን ሰው ጣሉት» ይላል። እኔ ክርክሩ ከመነሻው ስቶ የተነሣ ይመስለኛል። ክለብ ቡድኑን የማደስ መብት አለው፤ እግር ሲከብድ ተተኪ መፈለጉ በደል አይደለም። ተጫዋችም ውል ሲያበቃ ወደ ፈለገበት መሄድ መብቱ ነው፤ ክህደት አይደለም። ጥያቄው መለያየት ይገባ ነበር ወይ አይደለም። ጥያቄው እንዴት ተለያዩ የሚለው ነው።

ይህ የጅዳ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ለመረዳት ወደ ሌላ አገር እንመልከት። ፓኦሎ ማልዲኒ ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ክለብ፣ ለኤሲ ሚላን ተጫውቶ በግንቦት 2009 በሳን ሲሮ ደጋፊውን ሲሰናበት፣ ከገዛ ደጋፊዎቹ አንዱ ወገን በፉጨት ሸኘው። ፍራንቼስኮ ቶቲ ከሮማ ጋር 25 የውድድር ዘመናትን አሳልፎ በግንቦት 2017 ሲሰናበት ስታዲየሙ በሙሉ አለቀሰለት፤ ከዚያ የሚያምር ስንብት ታይቶ አይታወቅም ተባለ። ነገር ግን ከሁለት ዓመት ጥቂት በኋላ፣ በሰኔ 2019፣ በክለቡ ውስጥ የተሰጠውን የኃላፊነት ቦታ ለቀቀ። ቅሬታው ማዕረግ እንጂ ድምፅ አልተሰጠኝም የሚል ነበር። ስሙ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ቃሉ ግን በስብሰባው አልተሰማም።

ሦስቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናኖራቸው አንድ ነገር ይገለጥልናል። አንዱ ያለ ዝማሬ ተሸኘ፤ አንዱ ዝማሬና ፉጨት ተቀላቅሎ ተሸኘ፤ አንዱ በታላቅ ዝማሬ ተሸኝቶ ኋላ በዝምታ ቆሰለ። ስለዚህ ችግሩ የበዓል ጉድለት ብቻ አይደለም። ሰውየው ግብ በማስቆጠሩ ብቻ ይወደድ ከነበረ፣ ግቡ ሲቆም ፍቅሩም ይቆማል፤ የቱንም ያህል አበባ ቢበተን ይህን አይሸፍነውም።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለውን መለያየት በሚገባ ያውቀዋል። ያዕቆብ በሰው አገር፣ በአጎቱ በላባ ቤት ሃያ ዓመት አገለገለ፤ አሥራ አራቱን ለሁለቱ ሚስቶቹ፣ ስድስቱን ለመንጋው። ቀን በሐሩር፣ ሌሊት በቁር ተቃጠለ፤ ደመወዙም ዐሥር ጊዜ ተለዋወጠበት። መጨረሻ ላይ መሰናበት ስለ ፈራ በስውር ወጣ። ላባ ሰባት ቀን አሳድዶ ሲደርስበት የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል፤ ብትነግረኝ ኖሮ በደስታ፣ በዘፈንና በከበሮ እሸኝህ ነበር አለው። ሃያ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ያጎደለ ሰው የመሸኛ ከበሮ አዘጋጅቼ ነበር ይላል! ቀጥሎም ሴቶቹ ልጆቼ ናቸው፣ መንጋውም መንጋዬ ነው፣ የምታየው ሁሉ የእኔ ነው አለ። በሰው ቤት ያገለገለ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል።

ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ የተሰናባቹንም ገመና አይሸፍንም። በዚያን ጊዜ ራሔል የአባቷን የቤት ጣዖታት ሰርቃ በግመሉ ኮርቻ ሥር ደብቃ ነበር። የበደለው አንዱ ቢሆንም ንጹሕ ሻንጣ ይዞ የወጣ አልነበረም ማለት ነው። የነገሩ ፍጻሜ ግን ያማረ ሆነ። ያዕቆብ ሃያ ዓመት በሆዱ የያዘውን ሁሉ ፊት ለፊት ተናገረ። ከዚያ ድንጋይ ከምረው ምስክር አደረጉ፤ አብረው እንጀራ በሉ፤ አንዱ ሌላውን ለመጉዳት ያን ክምር እንዳያልፍ ተማማሉ። በማግሥቱ ላባ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ስሞ፣ መርቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እንደ ገና አብረው አልኖሩም፤ ወዳጆችም አልሆኑም ይሆናል። ነገር ግን በእውነት ተነጋግረው፣ በሰላም ተለያዩ። ሁልጊዜ መታረቅ ማለት ተመልሶ አብሮ መኖር ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ መታረቅ ማለት ድንጋዩን ከምሮ፣ እውነቱን ተናግሮ፣ ያለ ጥላቻ መንገድን መቀጠል ማለት ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ትእዛዝ አለ። ስድስት ዓመት ያገለገለህን ሰው በሰባተኛው ዓመት ነጻ ስታወጣው ባዶ እጁን አትስደደው፤ ከመንጋህ፣ ከአውድማህ፣ ከወይን መጥመቂያህም ስጠው ይላል። ምክንያቱንም ይሰጣል፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ። ልብ በሉ፤ ደመወዙ ከተከፈለ በኋላም የሽኝት ስጦታ ቀረበት አይባልም፤ ታዝዞለታል። በእግዚአብሔር ሕግ ሽኝት የቸርነት ትርፍ ሳይሆን የፍትሕ ክፍል ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ይህንኑ በዘመናችን ቋንቋ አስተምራለች። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 ስለ ሰው ሥራ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሥራ ለሰው እንደ ተሠራ እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልተፈጠረ አስረድተዋል። የሥራ ክብር የሚለካው በተሠራው ነገር ሳይሆን በሠሪው ማንነት ነው። በዚያው መልእክት ስለ ስደተኛ ሠራተኛ ሲያነሡ፣ ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ሰው በመብቱ ከአገሬው ሠራተኛ ማነስ እንደማይገባው ጽፈዋል። እንግዲህ የተጫዋች እግር ሲደክም ሰውየው አይቀንስም። የሠራተኛ ጉልበት ሲደክም፣ የእህታችን ወገብ በደረጃና በባልዲ ሲጎብጥ፣ ክብሯ ከተቀጠረችበት ቀን አንዲት ቅንጣት አላነሰም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ኑር ከአል ኢቲሃድ በወጣበት በዚያው 2013፣ በኅዳር ወር፣ በዚህ አገር የኢትዮጵያውያን የጅምላ መመለስ ተጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን አዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወረዱ። ከእነርሱ መካከል ልጅ አሳድገው፣ አዛውንት አስታመው፣ ሕንፃ ገንብተው የኖሩ ነበሩ። ብዙዎቹ ያሳደጉትን ልጅ ስመው አልተለዩም። አንድ ዝነኛ አምበል ያለ ሽኝት ሲሄድ ጋዜጦች ለወራት ተከራከሩበት። ስለ እነዚህ ግን ማን ተከራከረ? ፌስታል ይዘው ሲወርዱ አየናቸው፤ ቀጥሎም ረሳናቸው።

በዚያው ዓመት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ደንብ በዚህ አገር ወጥቶ ነበር። በዚያ ደንብ መሠረት አራት ተከታታይ ዓመት ያገለገለች የቤት ሠራተኛ ስትሰናበት የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ይገባት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሠርታ ውሏን ስታድስም የአንድ ወር ዕረፍት ከነክፍያው ይገባት ነበር። ይህን የምጽፈው ከመካከላችን ብዙዎች ስለማያውቁት ነው። መብትን ማወቅና በጨዋነት መጠየቅ ከትሕትና ጋር አይጣላም። ያዕቆብ ዝም ብሎ አልሄደም፤ ሃያ ዓመቱን ቆጥሮ ተናገረ። ይቅርታ ማለት አፍን መዝጋት ማለት የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። እውነት ያልተነገረበት ይቅርታ ግን ቁስልን በጨርቅ መሸፈን ነው፤ ከሥር ያመረቅዛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው አባባላችን የተወለደው ከዚህ ነው።

ሰሚ በጠፋበት ጊዜ ግን ምን እናድርግ? ከአንዲት እህታችን የሰማሁትን ልንገራችሁ። በአንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች። የመጨረሻው ኽሩጅ ተመትቶላት የወጣችው ሌሊት ነበር፤ ልጆቹ ተኝተው ነበር፤ ማንም ወደ በር አልወጣም። «ደመወዜን አልከለከሉኝም፤ ግን አንድ ሰው እንኳ በሩ ላይ አልቆመም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ አጣች። ያሳደገቻቸው ልጆች ስሟን ይረሱታል ብላ አዘነች። አንድ ቀን ግን ጸሎቷን ለወጠች። «ልጆቹን አንተ አውቀህ ያኖርህልኝ ነበሩ፤ አሁንም ባንተ እጅ ናቸው» ብላ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠርታ መረቀቻቸው። «ያን ቀን ከቤቱ ወጣሁ» አለችኝ። በሥጋ ከወጣች አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ማልያ የሚያወልቀው ክለቡ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ከማልያው በላይ መሆኑን ማወቅ ግን የራሱ የሰውየው ሥራ ነው። በሜዳ የከበረ ሰው ማልያውን ቆዳው አድርጎ ከቆጠረው፣ ሲያወልቁት የገፈፉት ይመስለዋል። መጥምቁ ዮሐንስ ደቀ መዛሙርቱ ወደ ሌላው ሲሄዱ ባየ ጊዜ ያልቆሰለው፣ ከመጀመሪያው ራሱን ሙሽራ ሳይሆን የሙሽራው ሚዜ አድርጎ ስላወቀ ነው። እኛም ለዓመታት «የእገሌ ቤት ሠራተኛ»፣ «የእገሌ ሾፌር» ተብለን ስንኖር እውነተኛ ስማችንን እንዳንረሳ ያስፈልገናል። ያ ስም በጥምቀት የተሰጠን ነው፤ በኢቃማ ላይ አልተጻፈም፤ ከኢቃማም ጋር አያበቃም።

ፍርዱን ለአሠሪዎች ብቻ አድርገን እንዳንቀር እፈራለሁ። አገራችንም ልጆቿን ስትሸኝ ያማረ ታሪክ የላትም። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስታነሣ፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። በአሥመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ፣ በዚያ ፍጻሜ ከወንድሙ ከኢታሎ ጋር ግብ ያስቆጠረ ሰው ነው። ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ ኢትዮጵያ ያነሣችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። አምበሉ ግን በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ለመሰደድ ተገደደ። ቀሪ ዕድሜውን በጣሊያን ኖሮ በ2022 በዚያው አረፈ። የእርሱ የቀድሞ ቡድን አገሩ ነበረች። ዋንጫውን በየዓመቱ እናነሣለን፤ ዋንጫውን ያነሣው ሰው በባዕድ አገር ሲያረጅ ግን ስንቶቻችን ጠየቅነው?

ከአገር ወርደን ወደ ቤተ ሰብ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያማል። ከዚህ ገንዘብ ሲላክ ስልኩ በየሳምንቱ ይጮኻል። ቤት ተሠራ፣ ታናሽ ተማረ፣ ወንድም ተዳረ ይባላል። እህታችን ታምማ ወይም ተይዛ ባዶ እጇን ስትመለስ ግን፣ በገዛ ገንዘቧ በተሠራው ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ የምትቆጠርበት ጊዜ አለ። ይህንን ስንናገር ለወገኖቻችን ማዘን እንጂ መክሰስ አይደለም፤ እነርሱም በችግር ውስጥ ናቸው። ነገር ግን ግብ ስታስቆጥር ብቻ የሚያጨበጭብ ቤተ ሰብ፣ በሳን ሲሮ ካፏጨው ደጋፊ በምን ይሻላል?

ይቅር በሉኝና፣ አሁን ደግሞ በራሳችን ጓዳ ልግባ። በጸሎት ማኅበሮቻችንስ እንዴት ነን? ለብዙ ዓመታት መዝሙር የመራች፣ የታመመ ያስጠየቀች፣ ከደመወዟ ቆርሳ ለተቸገረ ያዋጣች እህት፣ ሌላ አስተባባሪ ሲመረጥ «እንግዲህ አርፊ» ተብላ ብቻ የተተወችበት ጊዜ የለምን? እርሷም ቅር ብሏት ከጉባኤው ቀርታ፣ እኛም «እርሷ ናት የተኮራፈችው» ብለን የተውንበት ጊዜ የለምን? አዲሱ አስተባባሪ መመረጡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እንደ አል ኢቲሃድ ወጣቶች ዋንጫም ሊያመጣ ይችላል። የቀድሞዋ እህት ቅሬታም እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ መቻላቸውን ካልተቀበልን ዕርቅ አንጀምርም።

ስለዚህ ለማኅበሮቻችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ ከመካከላችን አንድ ሰው ለዘለቄታው ሊሄድ ሲሆን ሒሳቡን አብረነው እንሥራ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ፣ የጠፋ ሰነድ፣ የተበደረውና ያበደረው ሁሉ ከመሄዱ በፊት ይጻፍ። ከሄደ በኋላ ከሩቅ መጠየቅ እጅግ ከባድ ነውና። ሁለተኛው፣ ማንም ሰው ሳይሸኝ አይሂድ። ትንሽ ክፍል፣ ቡና፣ አንድ መዝሙር ይበቃል። በዚያች ሰዓት ይቅርታ በሁለቱም ወገን ይጠየቅ፤ የሚሄደው ያስቀየመውን፣ የሚቀሩት ያስቀየሙትን በግልጥ ይናገሩ። ከአገልግሎት የሚወርድ አስተባባሪም እንዲሁ ይሸኝ፤ ከተሸኘም በኋላ ምክሩ ይጠየቅ። ቶቲን ያስቀየመው የአበባ ማነስ ሳይሆን የጆሮ ማነስ እንደ ነበር አንርሳ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። አባቶቻችን «ሸኚ ቤት አያደርስም» ይላሉ። እውነት ነው፤ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር እንሸኛለን፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ የብቻ ነው። ነገር ግን እግር የማይደርስበት ስልክ ይደርሳል። ተመላሹ አገሩ በገባ በሦስተኛው ወር፣ እንኳን ደህና ገባህ ያሉት ዘመዶች ወደ ሥራቸው ሲበታተኑና የያዘው ገንዘብ ሲያልቅ፣ ያን ጊዜ እንደውልለት። በአቅራቢያው ያለውን ቁምስና እንጠቁመው። «የቀድሞ ቡድንህ ነን፤ አልረሳንህም» እንበለው።

መሐመድ ኑር ወደ ሌላ ቡድን በሄደ ጊዜ ከሁለት ወገን አንዱን ይዘው የተከራከሩ የጅዳ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ስለ ኳሱ ፍርድ አልሰጥም። ነገር ግን ይህን አምናለሁ። አንድ ቤት፣ አንድ ክለብ፣ አንድ አገር፣ አንድ የጸሎት ማኅበርም ቢሆን የሚመዘነው ሰውን በሚቀበልበት ቀን ብቻ አይደለም። በሚቀበልበት ቀን ሁሉም ከተጠቀመበት በላይ ተስፋ አለው። ልቡ የሚታወቀው ከእንግዲህ ምንም የማይጠቀምበትን ሰው በሚሸኝበት ቀን ነው።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን ከእኛ የተለየ አንድ ሰው እናስብ። ምናልባት ከሹሜሲ በኩል አልፎ የሄደ ወንድም ነው፤ ምናልባት ከማኅበራችን የቀረች እህት ናት፤ ምናልባት እኛ ራሳችን ዛሬም በልባችን ያልወጣንበት ቤት ነው። ቁጥሩ ካለን እንደውል፤ ቁጥሩ ከጠፋን ስሙን በጸሎት እንጥራ። በሰው አገር ከያዕቆብ ጋር የነበረ፣ በላባና በእርሱ መካከልም የቆመ አምላክ፣ በእኛና በተለየናቸው ሁሉ መካከል ምስክርና ሰላም ሆኖ ይቁም። አሜን።